ቁርስ ትቶ የኪያር ጭማቂ መጠጣት ለስኳር ሕመምተኛ ይበጃል?

ጥያቄ፦ «እናቴ 61 ዓመቷ ነው። የስኳር ሕመምና የደም ግፊት ስላለባት ግሊቤንክላሚድ እና ኢናላፕሪል የሚባሉ ኪኒኖች ትወስዳለች። ጎረቤታችን ‹ኪያር ስኳር ያወርዳል፣ ኩላሊት ያጥባል፣ ቦርጭ ያጠፋል› ካለቻት ወዲህ ጠዋት ጠዋት ሁለት ትልልቅ ኪያር ከነልጣጩ፣ ከዝንጅብልና ከሎሚ ጋር ፈጭታ ትጠጣለች። ቁርስ ግን ትታለች። ሆዷ ይነፋል፤ አንዳንድ ቀንም ረፋድ ላይ ያንቀጠቅጣታል። እሷ ግን ለውጥ አይቻለሁ ብላ ኪኒኑን ልታቆም ነው። ኪያር በእርግጥ ይጠቅማል? ጉዳትስ የለውም? ልጣጩ ይበላል? ማታ መብላትስ ያስከለክላል?»

መልስ፦ እህቴ፣ ወደ ኪያሩ ከመግባቴ በፊት እንደ ዋዛ ጣል አድርገው ያለፉትን ነገር ላንሳ። ከጻፉልኝ ሁሉ እጅግ ያሳሰበኝ እናትዎን ረፋድ ላይ የሚያንቀጠቅጣቸው ነገር ነው።

ግሊቤንክላሚድ የሚሠራው ቆሽት ኢንሱሊን እንዲያመነጭ በመገፋፋት ነው። የወሰደው ሰው ቁርስ በላ አልበላ አይጠይቅም፤ ከተዋጠ ኢንሱሊኑ ይወጣል፣ ኢንሱሊኑ ከወጣ በደም ውስጥ ያለው ስኳር ይወርዳል። ኃይሉም እስከ 24 ሰዓት ሊቆይ ይችላል። ሐኪሞች ይህን ኪኒን ከምግብ ጋር ውሰዱ የሚሉት የሚወርደውን ስኳር የሚተካ ነገር ሆድ ውስጥ እንዲገኝ ነው። ሁለት ትልልቅ ኪያር 600 ግራም ያህል ይመዝናል ብንል፣ በውስጡ ያለው ኃይል 90 ኪሎ ካሎሪ፣ ስኳሩም 10 ግራም አካባቢ ነው። ጭማቂው በወንፊት ከተጠለለ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ይህ ቁርስ አይባልም። መንቀጥቀጡ፣ ምናልባትም አብሮት የሚመጣው ላብ፣ የልብ ምት መፍጠንና ግራ መጋባት፣ ስኳራቸው ከሚገባው በታች እየወረደ መሆኑን የሚጠቁም ምልክት ነው።

እንደገና ሲያንቀጠቅጣቸው ቤት ውስጥ መለኪያ ካለ ወዲያውኑ ይለኩ። ከ70 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር በታች ከሆነ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጠው ይስጧቸው፤ ወይም ስኳር ያለው ለስላሳ መጠጥ ግማሽ ብርጭቆ ይጠጡ። ከ15 ደቂቃ በኋላ ደግመው ይለኩ፤ ካልተሻሻለ ይድገሙት፤ ሲሻላቸው እንጀራም ይሁን ዳቦ እውነተኛ ምግብ ይብሉ። መለኪያ ከሌለ ምልክቱን አይተው ስኳሩን ይስጡ እንጂ አይጠብቁ። ራሳቸውን ከሳቱ በአፋቸው ምንም ሳያደርጉ ወደ ሕክምና ቦታ ይውሰዷቸው። በዚህ ኪኒን ምክንያት የወረደ ስኳር ከተስተካከለ በኋላ ከሰዓታት ቆይቶ ተመልሶ ሊወርድ ስለሚችል «ተሻላት» ብሎ ብቻቸውን ትቷቸው መሄድ አይገባም።

አሁን ወደ «ለውጥ አይቻለሁ» እንምጣ። ኪያሩን ከጀመሩ ወዲህ በመለኪያቸው ላይ የሚያዩት ቁጥር ቀንሶ ሊሆን ይችላል። ቢቀንስ አይገርመኝም። ያወረደው ግን ባዶ ሆድ ላይ የሚሠራው ኪኒንና የቀረው ቁርስ ነው፤ ምስጋናው የሄደው ለኪያሩ ነው። እንግዲህ በዚህ ምስጋና ተነሥተው ኪኒኑን ቢያቆሙ ስኳሩ ቀስ በቀስ ይወጣል፤ ሲወጣ ደግሞ ብዙ ጊዜ አያንቀጠቅጥም፣ አያልብም፤ ዝም ብሎ ዓይንን፣ ኩላሊትንና የእግር ነርቭን ይጎዳል። በአይጦች ላይ ከኪያር የተዘጋጀ ጭማቂና ውህድ ስኳር ሲያወርድ የታየባቸው ጥናቶች መኖራቸው እውነት ነው፤ በየማኅበራዊ መገናኛው የሚዞረው ወሬም ብዙው ከዚያ የተቀዳ ነው። ኪያር የስኳር ኪኒንን ይተካል የሚያሰኝ በሰው ላይ የታየ ማስረጃ ግን የለም። ኪኒኑን ማቆምም ሆነ መጠኑን መቀነስ የሚከታተላቸው ሐኪም ሥራ ነው፤ በዚህ ላይ ድርድር የለኝም።

ኪያር ራሱ ምንድን ነው? ከመቶ 95 እጁ ውኃ ነው። ከነልጣጩ 100 ግራም ኪያር 15 ኪሎ ካሎሪ ኃይል፣ 3.6 ግራም ካርቦሃይድሬት፣ 147 ሚሊ ግራም ፖታሲየም፣ 16 ማይክሮ ግራም ገደማ ቫይታሚን ኬ፣ 3 ሚሊ ግራም እንኳ የማይሞላ ቫይታሚን ሲ አለው። አሰሩ ግማሽ ግራም ነው። ይህን ቁጥር ያየ ሰው «ታዲያ ምን አለው?» ማለቱ አይቀርም፤ ልክ ነው፣ ብዙ ነገር የለውም። በቫይታሚን ብዛት ቢመዘን የእኛው ጎመንና ቆስጣ በብዙ እጥፍ ይበልጡታል፤ ዋጋቸውም ብዙ ጊዜ ከኪያር ይረክሳል። ኪያር ውድ የሆነውን ያህል ጥቅሙም የበዛ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ ከሆቴል ሰላጣ ጋር ስለተዋወቅነው ይመስለኛል።

ጥቅሙ ያለው በሌለው ነገር ውስጥ ነው። ሆድ ይሞላል፣ ኃይል ግን አይጨምርም። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ወደ 120 ኪሎ ካሎሪ ይሰጣል፤ ይህን ያህል ኃይል ከኪያር ለማግኘት 800 ግራም መብላት ያስፈልጋል። ክብደት መቀነስ የፈለገ ሰው ከምሳው በፊት አንድ ሳህን ኪያርና ቲማቲም ቢበላ፣ ቀጥሎ ከሚቀርበው እንጀራ ላይ እጁን ቶሎ ያነሣል። ቦርጭ የሚቀንሰው በዚህ መንገድ ነው እንጂ ኪያር ስብ ስለሚያቀልጥ አይደለም። ሰላጣው ላይ ዘይቱን እንደ ወጥ ካፈሰሱበት ደግሞ ጨዋታው ያን ጊዜ አበቃ።

ለስኳር ሕመምተኛ ተጨማሪ ነገር አለ። በዓይነት 2 የስኳር ሕመምተኞች ላይ በተሠሩ ጥናቶች አትክልትንና ፕሮቲንን አስቀድሞ፣ ኃይል ሰጪውን ምግብ ኋላ መብላት ከምግብ በኋላ የሚኖረውን የስኳር መጠን እንደሚቀንስ ታይቷል። እኛ ቤት እንጀራና ወጥ አንድ ላይ ስለሚጎረስ ይህን ቅደም ተከተል መጠበቅ ይከብዳል፤ ነገር ግን ገበታው ከመቅረቡ በፊት የተቆራረጠ ኪያር፣ ካሮት ወይም ሰላጣ መብላት የሚያቅት አይደለም። እንዲህ ሲበላ ኪያሩ ምግቡን ይቀድማል እንጂ አይተካውም። እናትዎ የያዙት መንገድ ከዚህ ጋር የሚጣላው እዚህ ላይ ነው።

ለደም ግፊት ኪያር ጥሩ ጓደኛ ነው፤ ሶዲየም ከሞላ ጎደል የለውም፣ ፖታሲየምም መጠነኛ አለው። የዓለም ጤና ድርጅት አዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው እንዲመገብ ይመክራል፤ ይህም አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። ታዲያ ኪያሩን ቆራርጦ ጨው ነስንሶ መብላት ጥቅሙን በራሱ እጅ መልሶ መንሳት ነው። ሎሚ ይበቃዋል። በጨው ውኃ ወይም በኮምጣጤ ተዘፍዝፎ በጠርሙስ የሚሸጠው ኪያር ደግሞ ሌላ ምግብ ነው ብለው ያስቡት፤ 100 ግራሙ 1 ግራም አካባቢ ሶዲየም ሊኖረው ይችላል፤ ይህም 2.5 ግራም ጨው ማለት ነው። በእስራኤል የምትኖሩ ወገኖቻችን ዘንድ ይህ ዓይነቱ ኪያር ከገበታ ስለማይጠፋ ግፊት ያለበት ቤተሰብ ካለ ልብ በሉት።

«ኩላሊት ያጥባል» የሚለው ወሬ ያሰለቸኛል። ኩላሊት የሚታጠብ ዕቃ አይደለም፤ እሱ ራሱ አጣቢ ነው። ጤነኛ ኩላሊቶች በቀን ወደ 180 ሊትር ፈሳሽ ከደም ያጣራሉ፤ አብዛኛውን ወደ ሰውነት መልሰው ጥቂቱን ሽንት አድርገው ያወጡታል። ኪያር ሽንት የሚያበዛው ውኃ ስለሆነ ነው፤ አንድ ብርጭቆ ንጹሕ ውኃም ይህንኑ ይሠራል። የኩላሊት ጠጠር ላለበት ሰው ግን ፈሳሽ ማብዛት እውነተኛ ጥቅም አለው፤ በቀን 2.5 ሊትር ያህል ሽንት እስኪወጣ መጠጣት ጠጠር እንዳይመለስ ይረዳል፤ በቆላ አገርና በዓረብ አገራት ሙቀት ውስጥ የሚሠራ ሰው ይህን ሊዘነጋው አይገባም። ኪያርም ከዚሁ ፈሳሽ ይቆጠርለታል፤ ከዚያ ያለፈ ማዕረግ የለውም።

ነገሩ የሚገለበጠው ኩላሊቱ አስቀድሞ ለደከመ ሰው ነው። እናትዎ ስኳርም ግፊትም አለባቸው፤ ሁለቱም ኩላሊትን ይጎዳሉ። የግፊት ኪኒናቸው ኢናላፕሪል ኩላሊትን ከጉዳት ቢጠብቅም በደም ውስጥ ያለውን ፖታሲየም ከፍ ሊያደርግ ይችላል። በሁለቱ ኪያር ውስጥ 880 ሚሊ ግራም ያህል ፖታሲየም አለ። ለጤነኛ ሰው ይህ ምንም አይደለም፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ቢያንስ 3,510 ሚሊ ግራም ይመክራል። የኩላሊት ምርመራቸው መድከም ካሳየ ግን አንድ ሁለት ቁራጭ ኪያር መብላትና ኪያርን ጨምቆ በብርጭቆ መጠጣት የተለያዩ ነገሮች ይሆናሉ። ቁራጩ ብዙ ጊዜ ለኩላሊት ሕመምተኛ ከሚፈቀዱ አትክልቶች አንዱ ነው፤ ጭማቂው ግን ሰው አኝኮ የማይጨርሰውን መጠን በሁለት ደቂቃ ያስገባል። በማሽን የኩላሊት እጥበት (ዲያሊሲስ) ላይ ያሉ ሰዎችም ፈሳሽ ተለክቶ ስለሚሰጣቸው ኪያርን ከውኃ ቆጥረው ይበሉት።

ስለ ኪያር ጉዳት ሰዎች እምብዛም የማያውቁት ነገር ምሬቱ ነው። ኪያር ከዱባ፣ ከዝኩኒና ከቅል ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። የዚህ ቤተሰብ ዕፅዋት ራሳቸውን ከሚበሏቸው ለመከላከል ኩከርቢታሲን የሚባሉ በጣም መራራ ውህዶች ይሠራሉ። በየሜዳችን የሚበቅለው የምድር እምቧይ የኪያር የቅርብ ዘመድ ነው፤ ምሬቱን የቀመሰ ያውቀዋል። ገበያ ላይ ያለው ኪያር መራራነቱ በዘር ምርጫ የተወገደለት ነው፤ ሆኖም ተክሉ በውኃ እጥረትና በሙቀት ሲጨነቅ ምሬቱ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚከማቸውም በግንዱ በኩል ባለው ጫፍና ከልጣጩ ሥር ነው። ትንሽ መረር ያለ ኪያር አይገድልም፤ ጫፉን ቆርጠው ልጠው ሲቀምሱት ምሬቱ ከጠፋ ይበሉት። አጥብቆ የሚመር ከሆነ ግን ይጣሉት። መቀቀልም መጥበስም አያጠፋውም።

ይህን ያሰመርኩበት ያለ ምክንያት አይደለም። በሕንድ አገር የቅል ጭማቂን ለስኳር ሕመም ብለው ጠዋት በባዶ ሆድ የሚጠጡ ብዙ ሰዎች አሉ። መራራ ሆኖ ሳለ «መድኃኒት መራራ ነው» ብለው የጠጡ ሰዎች በደም የተቀላቀለ ትውከትና ተቅማጥ ይዟቸው፣ ደም ግፊታቸው ወርዶ ሆስፒታል ገብተዋል፤ የሞቱም ነበሩ። የአገሪቱ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት ጉዳዩን የሚያጠና የባለሙያዎች ቡድን አቋቁሞ ከመፍጨት በፊት ቁራጩን መቅመስና መራራ ከሆነ መጣል እንደሚገባ አሳስቧል። በ2015 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በጀርመን አገር በሃይደንሃይም ከተማ አንድ አዛውንት ጓሮ የበቀለ መራራ ዝኩኒ በልተው ሞተዋል። ከገበያ የተገዛ ኪያር እዚህ የሚደርስበት አጋጣሚ እጅግ ጠባብ ነው። ነገር ግን ዝንጅብልና ሎሚ ምሬትን ይሸፍናሉ፤ እናትዎ ኪያሩን ሳይቀምሱ መፍጫው ውስጥ የሚጨምሩት ከሆነ የተፈጥሮ ማስጠንቀቂያውን ራሳቸው እያፈኑት ነው። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ኪያር ቁራሽ ቆርጦ መቅመስን ልማድ ያድርጉት።

በአገራችን ከኩከርቢታሲን ይልቅ በየዕለቱ የሚያሠጋው ግን ንጽሕናው ነው። ኪያር የሚበላው ጥሬውን ነው። በአዲስ አበባና በዙሪያዋ በተበከለ የወንዝ ውኃ የሚለማ አትክልት መኖሩ የታወቀ ነው፤ ታይፎይድ፣ አሜባና ጃርዲያም ጥሬ በሚበላ አትክልት ላይ ተሳፍረው ይመጣሉ። ችግሩ የድሃ አገር ብቻም አይደለም። በ2015 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ከሜክሲኮ ወደ አሜሪካ የገባ ኪያር በ40 ግዛቶች 907 ሰዎችን በሳልሞኔላ አሳምሟል፤ 6 ሰዎች ሞተዋል። በሌላ በኩል ኪያር ያለ ጥፋቱ የተወነጀለበት ጊዜም አለ። በ2011 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በጀርመን በተነሣው ከባድ የኢ ኮላይ ወረርሽኝ መጀመሪያ ጣት የተቀሰረው በስፔን ኪያር ላይ ነበር፤ የስፔን ገበሬዎች ምርታቸውን ሲጥሉ ከረሙ፤ ምርመራው ሲጣራ መንሥኤው የአብሽ በቆልት ሆኖ ተገኘ። አብሽን አብቅለው ጥሬውን የሚበሉ ካሉ ይህን ያስታውሱ።

አስተጣጠቡ ከባድ አይደለም። ከመላጥዎም ከመቁረጥዎም በፊት ይጠቡት፤ ሳይታጠብ ከተቆረጠ ቢላዋው የልጣጩን ቆሻሻ ወደ ውስጥ ይዞት ይገባል። በሚፈስ ንጹሕ ውኃ እጅ ወይም ለስላሳ ብሩሽ እየተጠቀሙ አንድ በአንድ ይሹት፤ ከዚያም በንጹሕ ጨርቅ ያድርቁት። በኮምጣጤ መዘፍዘፍ የተወሰነ ጀርም ይቀንሳል፤ ሁሉን አይገድልም። ሳሙናና የልብስ በረኪና አይጠቀሙ። የቧንቧው ውኃ ራሱ የማይታመን ከሆነ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ ያለቅልቁት፤ እንዲያም ሆኖ ልጣጩን ማንሣት የተሻለ ነው። ልጣጩ ይበላል ወይ ላሉት መልሴ ይኸው ነው፦ ልጣጩ ላይ አሰርና ቫይታሚን ኬ ይበዛል፣ የፀረ ተባይ ቅሪትም ካለ የሚገኘው በአብዛኛው እዚያው ነው። ምንጩን የሚያውቁትን በደንብ አጥበው ከነልጣጩ ይብሉ፤ የማያውቁትን ይላጡ። በመላጥ የሚቀረው ጥቅም ለጭንቀት የሚያበቃ አይደለም።

ሆድ መንፋቱ ከመጠኑ የመጣ ይመስለኛል። 600 ግራም ጥሬ አትክልት በባዶ ሆድ ቢገባ ብዙ ሰው ይነፋዋል። ጨጓራ ያለበት ሰው ላይ ደግሞ ሎሚውና ዝንጅብሉ ያቃጥላሉ፤ ጥፋቱ በኪያር ይሳበባል። ግማሽ ኪያር አኝከው፣ ከምግብ ጋር በልተው ይዩት፤ ያኔም ከነፋቸው ኪያር ከእሳቸው ሆድ ጋር አይስማማምና ይቅርባቸው፤ በሌላ አትክልት የማይተካ ነገር የለውም። ማታ መብላትን የሚከለክል ምክንያት የለም። ሌሊት ለሽንት የሚያስነሣቸው ወይም ሲተኙ የሚያገሳቸው ከሆነ ቀን ይብሉት፤ ነገሩ ከዚህ አያልፍም።

ዋርፋሪን የሚባለውን የደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ሰዎች በቫይታሚን ኬ ምክንያት ስለ ኪያር ይጠይቁኛል። ጎመን ከኪያር እጅግ የበለጠ ቫይታሚን ኬ አለው፤ ዋናው ነገር ሁለቱንም አንድ ሳምንት አብዝቶ ሌላ ሳምንት መተው አለመኖሩ ነው። ኪያር ወይም ሐብሐብ ሲበላ አፉንና ጉሮሮውን የሚያሳክከው ሰው አለርጂ ሊሆን ስለሚችል ይተወው። ለትንንሽ ልጆች ደግሞ ክብ ቁራጭ ሊያንቃቸው ስለሚችል በቁመቱ ቀጠን አድርጎ መቁረጥ ነው፤ ክብደታቸው ለቀነሰ ሕፃናት ግን ሆድ ሞልቶ ኃይል የማይሰጥ ምግብ አይመረጥም።

ለእናትዎ የምመክረው ቁርሳቸውን እንዲመልሱ ነው። ቂንጬ፣ ወይም እንጀራ በሽሮ፣ ወይም ጥቁር ዳቦ ከእንቁላል ጋር፤ ከእሱ በፊት ግማሽ ኪያር ያለ ጨው፣ ተቆርጦ እንጂ ተጨምቆ አይደለም። በጾም ወቅት እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆዩ ከሆነ ይህን ኪኒን እየወሰዱ መቆየት አደገኛ ነውና ጾሙ ከመግባቱ በፊት ሐኪማቸውንም የንስሐ አባታቸውንም ያማክሩ። ለአንድ ሳምንት ጠዋት ከቁርስ በፊት፣ ከቁርስ ሁለት ሰዓት በኋላና በሚያንቀጠቅጣቸው ጊዜ ሁሉ ስኳራቸውን ለክተው ከበሉት ምግብ ጋር ይመዝግቡት። መንቀጥቀጡ ከተደጋገመ ግን ሳምንቱ እስኪሞላ አይጠብቁ። ግሊቤንክላሚድ በዕድሜ ለገፉ ሰዎች ስኳርን አብዝቶ የማውረድ ጠባይ ስላለው ሐኪሙ ማስታወሻውን ሲያይ በሌላ ኪኒን ሊቀይረው ይችላል። ለዚህም ሲሄዱ የኩላሊትን አሠራር የሚያሳየው የክሬቲኒን፣ እንዲሁም የፖታሲየም ምርመራ ውጤታቸው የቆየ ከሆነ እንዲታደስ ይጠይቁ፤ ኪያሩን ስንት መብላት እንደሚችሉም የሚወሰነው በእሱ ነው።